«ታመዋል» ብዬ የጻፍኩ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ በመስተዋት የተሸፈነ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ጸሐፊዋ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። «አቶ ቶሎሳ በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ አንዳች ጉድለት ያልተገኘባቸው» ይላል። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ፤ ለስላሳ ጠጣንና ተበታተንን።

የካ ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን ደሜ ፈላ። ያልተገኘባቸው ይላል። ማን ፈልጎ? የትኛውን መዝገብ ገልጦ? «አልተገኘም» ብሎ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የት የት እንደፈለገ መጻፍ አለበት፤ ይህን ያስተማሩኝን ሰው ወደፊት አነሣቸዋለሁ። ጉድለቱማ አለ። ያለበትንም አውቃለሁ። ሣጥኔ ውስጥ፣ ከልጆቼ የክርስትና ወረቀት ሥር፣ በካርቦን የተገለበጠ አንድ ገጽ ነው። እዚያ ከተቀመጠ ስምንት ዓመት ሆነው። በዚያ ገጽ ላይ ባለች አንዲት ቃል የተነሣ ሦስት ሰው ተቀብሯል፤ አለቃዬና እኔ ግን ምንም እንዳልሆነ በየጠዋቱ ቢሮ እየገባን ኖርን።

ከመጀመሪያው ልነሣ። የተወለድኩት እዚሁ የካ ተዳፋት ላይ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገርን አደግን። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ከተማው እየገፋ መጥቶ ማሳውን ሲጨርስበት እኔ ሥራ ፍለጋ ቀበና ወረድኩ። አንድ ክሊኒክ መርፌ ቀቃይ አድርጎ ቀጠረኝ። አሥራ ሁለት ዓመት መርፌ ቀቀልኩ። ከዚያ የውሃ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ሥራው በየምንጩና በየጉድጓዱ እየዞሩ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ ያዩትንም ጽፎ ለአለቃ ማስገባት ነው። ከቀበና ወንዝ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ እንጦጦ አናት ያለውን ውሃ በእግሬ አውቀዋለሁ። ሰፈርተኛው «ውሃ ቀማሹ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከማንም ያነሰ ውሃ የምጠጣ እኔ ነኝ፤ ያየሁትን ያየ ሰው ውሃ አያምረውም።

ጠርሙስ መቅዳት አላስቸገረኝም፤ መርፌ የቀቀለ ሰው ንጽሕና ያውቃል። ጠርሙሱን ትቀቅላለህ፣ አፉን በእጅህ አትነካም፣ ክዳኑን መሬት አታስቀምጥም፣ ውሃው ከሚፈስበት ፊት ለፊት ትደቅነዋለህ። ያቃተኝ መጻፍ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና የማውቀው የማመልከቻ ቋንቋ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርቴ «በታላቅ ትሕትና እያመለከትኩ፣ የምንጩ ሁኔታ እጅግ አሳዛኝ ሆኖ ስላገኘሁት» ብሎ ይጀምርና ሁለት ገጽ ያለቅሳል። ምንጩ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ይህን ያዩ የላይ ሹማምንት፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የሳይንስ ጽሑፍ ትምህርት እንድማር ኮሌጅ ላኩኝ። አብረውኝ የሚማሩት ጢማቸው ገና ያልበቀለ ልጆች ናቸው። «አባባ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መምህራችን መምህር ዘርጋው ይባላሉ። አጭር፣ ኮታቸው ጠመኔ በጠመኔ የሆነ፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲናደዱ ግን በአማርኛ ነው የሚናደዱት። የጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ «ማን? ስንት? መቼ?» ብለው ጽፈው፣ ሌላ መምህር እንዳያጠፋው በሣጥን ከበውት ነበር። ሌሎቹ መምህራን ሰሌዳችንን ወሰደብን እያሉ ይከሷቸዋል፤ ግድ የላቸውም። አንድ ቀን ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱና «ጥቂት ጥቂት ውሰዱ» አሉን። ወሰድን።

«አሁን ቁጠሩት» አሉ።

እኔ ዘንድ ሠላሳ አራት ፍሬ ተገኘ። አጠገቤ ያለው ወጣት ዘጠኝ ብቻ ነበረው፤ ያፍር ነበር መሰለኝ።

«እንግዲህ ጥቂት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ዘጠኝም ሠላሳ አራትም ከሆነ ቃሉ ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ደግሞ ሪፖርት ውስጥ አይቀመጥም፤ አሰናብቱት።»

ከዚያ ቆሎውን እንድንበላ ፈቀዱልን።

ሌላው ልማዳቸው ይህ ነው። ቀበና ወንዝ ይዘውን ይወርዳሉ። አንዱ ተማሪ ከወንዙ ዳር አንድ ቦታ ይመርጥና ውሃ ይቀዳል፣ ቦታውን ይጽፋል። ሌላው ተማሪ ያንን ጽሑፍ ብቻ ይዞ ሄዶ ቦታውን ማግኘት አለበት። ካላገኘው ዜሮ የሚሰጠው ለጻፈው ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ» ብዬ ጻፍኩ። ቀበና ላይ! ያ ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል ውሎ ጫማው በስብሶ ተመለሰ። ዜሮዬን ተቀበልኩ። በሁለተኛው «ከድልድዩ ምሥራቃዊ ጫፍ ወንዙን ተከትሎ ሃያ ስድስት እርምጃ ወደ ታች፣ ልብስ ማጠቢያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር» አልኩ። ልጁ ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመበት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ባልነበረበት ቦታ በእኔ ቃል ቆመ፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ አባባ ማለቱን ትተው ጋሽ ቶሎሳ ይሉኝ ጀመር።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ያኔ እንደ ቀልድ የሰማሁት። በአማርኛ ሪፖርት ለምትጽፉ ብለው ሰሌዳው ላይ «መጥተዋል» ብለው ጻፉ።

«ስንት ሰው መጣ?» አሉ።

«ብዙ» አለ አንዱ።

«አንድ ትልቅ ሰው» አለ ሌላው።

«አያችሁ፣ በእንግሊዝኛ አንዱ ሌላ ነው፣ ብዙው ሌላ ነው። በእኛ አገር ግን አክብሮትና ብዛት አንድ ካባ ለብሰው ነው የሚዞሩት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃል ስትጽፉ ቁጥሩን አጠገቡ አቁሙ። ቁጥር የሌለው ‹ዋል› እንዳላይ።»

ሳቅን። እኔም ስቄ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ደብተሩ ዛሬም አለ፤ በገዛ እጄ የተጻፈ ነው፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ትምህርቱን ጨርሼ ስመለስ አዲስ አለቃ መጥቶብኝ አገኘሁ። አቶ ጥላዬ ይባላል። አንቱ ብዬው የኖርኩትን ሰው ዛሬ አንተ ብለው ይቅር በሉኝ፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል። አቶ ጥላዬ ያማረ አማርኛ የሚወድ ሰው ነው። በአረንጓዴ ቀለም ይጽፋል፤ ሪፖርት እንደ ግጥም ካላማረው ይመልሳል። ቁጥር ግን አይወድም። «ቶሎሳ፣ ይህ ሪፖርት ነው የበግ ገበያ?» እያለ እርምጃውንም ሰዓቱንም በአረንጓዴ ቀለም ይሰርዝብኛል።

አንድ ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የቧንቧ ውሃ ይሸታል ተባለ። ሄድኩ፤ ከአንዱ ዳቦ ቤት ግድግዳ ጀምሬ ቁልቁል ለክቼ፣ ቧንቧው በስንተኛው እርምጃ ላይ ከቦይ ጋር እንደሚገናኝ ጻፍኩ። በማግስቱ ሥራ አልገባሁም፣ ወባ ጥሎኝ ነበር። ቧንቧ ሠሪው ወረቀቴን ብቻ ይዞ ሄዶ፣ አንድ ቦታ ቆፍሮ፣ የተሰነጠቀውን አገኘው። ሠሪው ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ቆመህ የምታሳየኝ ነው የመሰለኝ» አለኝ። አቶ ጥላዬ ግን ወደ በላይ ሲያሳውቅ «በመሥሪያ ቤቱ ትጋት ተደረሰበት» ብሎ ጻፈ። ተደረሰበት። ማን ደረሰ? ይህን ትቻለሁ፤ ስም ይቅርብኝ። ያልተውኩት ሌላ ነው።

ከእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ፣ አንድ ምንጭ አለ። ከምንጩ በታች አሥር የማይሞሉ ቤቶች ነበሩ። ትልቁ ቤት የቄስ ተክሌ ነው፤ ሚስት፣ ልጆች፣ የእህት ልጆች ሁሉ የሚኖሩበት። አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች «ቄሱ ቤት ደህና አይደሉም» አሉኝ። ወጣሁ። ቄስ ተክሌ በር ላይ ቆመዋል። ሱባኤ ገብተው ከቆዩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ቤትዎ ታሟል ተብለው መውጣታቸው ነበር።

«አባቴ፣ ምን ነካችሁ?» አልኳቸው።

«ትኩሳት ነው፣ ልጄ። ሆድ ቁርጠት ነው። ግባና እይ።»

ገባሁ። መደቡም መሬቱም ሰው ነው። ሰውነታቸው ይነድዳል። የአንጀት ተስቦ መሆኑ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ክሊኒክ አሥራ ሁለት ዓመት በከንቱ አልቆምኩም። ደብተሬን አውጥቼ ጣቴን እየቀሰርኩ አንድ፣ ሁለት ማለት ስጀምር ቄሱ እጄን ያዙት።

«አትቁጠርብኝ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «የተኛ ሰው አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል።»

እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ። እናቴ እንኳን ልጆቿን ጫጩቶቿንም አታስቆጥርም ነበር። የእኒያ አባት ፊት አሳዘነኝ፤ እጄን መለስኩ፣ ደብተሬን አጠፍኩ። በሩ አጠገብ የተኛችው ትልቋ ልጃቸው፣ ብርቄ የምትባለው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ዐይኗን ገልጣ ታየኛለች። ዐይኔ ቆጥሮ ጨርሷል። ሰባት ነበሩ። እጄ ግን አልጻፈም።

ከዚያ ወደ ምንጩ ሄጄ እንደ ወጉ ሠራሁ። ጠርሙሱን ሞላሁ፤ ሰዓቱን፣ ከሌሊቱ ዝናብ እንደነበረ፣ የውሃውን መልክ ጻፍኩ። ከምንጩ በላይ የአንድ ትልቅ ሰው አዲስ ግቢ አለ፤ የግቢው መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ በላይ በአርባ ሁለተኛው እርምጃ ላይ መቆፈሩን ለክቼ ጻፍኩ። ለድንጋዩ፣ ለጉድጓዱ፣ ለዝናቡ ሁሉ ቁጥር ሰጠሁ። ስለ ሰዎቹ ግን የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ከምንጩ በታች ቄስ ተክሌ ቤት ገብቼ ነበር፤ በጽኑ ትኩሳት ታመዋል። መኪናና ሐኪም በአስቸኳይ ይላክ።»

ታመዋል። ለእኔ ሰባት ሰው ነው። ሰባቱም ዐይኔ ላይ ስላሉ ሌላ የሚያነበው ሰው መኖሩ ትዝ አላለኝም። ወርጄ ሪፖርቱን ለአቶ ጥላዬ ጸሐፊ ሰጠሁ፤ እሱ ስብሰባ ላይ ነበር። በማግስቱ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የቧንቧ ቆጠራ ተመደብኩ። ሪፖርቱ ደርሷል፣ መኪናው ሄዷል ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል አደረስኩ ብዬ ለሚስቴ ስናገር ትዝ ይለኛል፤ ዛሬ ሳስበው ምላሴን ያሳክከኛል።

በዘጠነኛው ቀን እነዚያው እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ፈረንሳይ ላይ አገኙኝ። «ውሃ ቀማሹ፣ አንተ እዚህ ነህ? የቄሱ ሚስት ተቀበረች እኮ» አለችኝ አንዷ። እየሮጥኩ ወጣሁ። የቄሱ ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆቿ ተቀብረዋል። አንደኛው ስድስት፣ ታናሹ አራት ዓመቱ ነበር። መኪና የሚባል አልመጣም። ሐኪም የሚባል አልመጣም። መድኃኒቱ ከተማ ውስጥ ነበር፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይወስድም። ብርቄ ጠጉሯ ረግፎ በነጠላ ተጠቅልላ አልቅሳ የጨረሰች መስላ ተቀምጣለች። ከዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ ያልታመሙት ቄስ ተክሌ ብቻ ናቸው።

ቁልቁል እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሳላንኳኳ አቶ ጥላዬ ቢሮ ገባሁ።

«ለምን መኪና አልላኩም?» አልኩት።

«ወዴት?»

«እንጦጦ። ጽፌልዎ ነበር።»

«ለአንድ ሰው ነው መኪና የምልከው?» አለ።

«ለየትኛው አንድ ሰው?»

መሳቢያውን ሳበና ወረቀቴን አወጣ። «ራስህ አንብበው» ብሎ ወረወረልኝ። አነበብኩት። ቄስ ተክሌ ቤት ገብቼ ነበር፤ በጽኑ ትኩሳት ታመዋል። የመምህር ዘርጋው ድምፅ ከበስተኋላዬ የመጣ መሰለኝ። ስንት ሰው መጣ?

«ቄሱ ናቸው የመሰለኝ» አለ አቶ ጥላዬ። «ቄስ ይታመማል፣ ጠበል ይጠጣል፣ ይድናል። እኔ ነቢይ ነኝ?»

ወረቀቱ ኅዳግ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ጽፎበታል። «እግዚአብሔር ይማራቸው። ይቀመጥ።»

ይማራቸው። እስቲ ንገሩኝ፣ ማንን? ቄሱን ነው ወይስ ሰባቱን? አንድ ሰው መስሎት ነው እንዲህ ያለው ወይስ ብዙ መሆናቸውን አውቆ፣ የትልቁን ሰው ጉድጓድ ላለመንካት ነው? ከዚያ ግቢ በየዓመት በዓሉ በግ እንደሚመጣለት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ስምንት ዓመት ይህችን ቃል ገለበጥኳት፣ አዟዟርኳት፤ አልፈታ አለች። እኔ በከፈትኩለት ቀዳዳ ነው የገባው። ክፉ ሰው ነው እንዳልል ሪፖርቱ የእኔ ነው፤ ስቷል እንዳልል ያ ጉድጓድ በአርባ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ግልጥ ብሎ ተጽፏል። በቃ ይህ ነው የሚያናድደኝ። ሰውየውን በሙሉ ልቤ እንኳ እንዳልጠላው አድርጌ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ከበላይ መርማሪ መጣ። አቶ ጥላዬ አንድ ወረቀት አዘጋጀ፤ «የሕሙማኑ ቁጥር አስቀድሞ ሊታወቅ አልቻለም» ይላል። ሁለታችንም እንፈርም ተባልን። እኔ ቁጥሩን አውቀው ነበር። ሰባት። ፈረምኩ። የአምስት ልጆች አባት ነኝ፣ ሥራዬን እፈልጋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ስንፍናዬ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሹማምንት ኖራ አስጭነው ወደ እንጦጦ ወጡ፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ ምንጩም በሲሚንቶ ተገነባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ወደ መምህር ዘርጋው ቤት ሄድኩ። ካርቦኑን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡ። «ታመዋል» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ነበሩ?» አሉኝ።

«ሰባት።»

«ለምን አልጻፍከውም?»

«ቄሱ አትቁጠርብኝ ብለው ለመኑኝ። አክብሬያቸው ነው።»

«ፊታቸው አትቁጠር። ማክበርህ መልካም» አሉ። «ከቤት ከወጣህ በኋላ ግን ምንጩ ዳር ማን ከለከለህ?» ወረቀትና እርሳስ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። «እንደገና ጻፈው።»

እዚያው ጻፍኩት። «ሰባት ሰዎች ታመዋል፤ አንዲት እናት፣ አንዲት ልጃገረድ፣ አምስት ልጆች። ቄስ ተክሌ ራሳቸው ደህና ናቸው። ቁጥሩን ዘልዬ የጻፍኩት እኔ ቶሎሳ ነኝ።» አነበቡትና «አሁን ትክክል ነው። ነገውኑ አስገባው» አሉኝ። አላስገባሁትም። ከካርቦኑ ጋር አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። መምህሬ አስገባኸው ወይ ብለው ዳግመኛ አልጠየቁኝም፤ እኔም እግሬን ሰበሰብኩ። ካረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ለቀብራቸው ሄጄ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላም ደህና ሠራሁ፤ አልዋሽም። አንድም ቁጥር አልዘለልኩም። አቶ ጥላዬ ሲሰርዝ መልሼ በቀይ እጽፋለሁ፤ እስኪሰለቸው። አዳዲስ ልጆች ሲመጡ ቀበና እያወረድኩ ድንጋይ አስፈልጋቸው ነበር። እንደገና እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ብርቄን ግን እግዜር ከዐይኔ አላራቃትም። አባቷ ካረፉ በኋላ ሹፌር አግብታ ወደ የካ ወረደች፤ ከቤቴ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ጠጉሯ ሳስቶ በቅሏል፤ ሁልጊዜ ሻሽ ታስራለች። ባየችኝ ቁጥር ትነሣለች። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይቀመጡ፣ ይረፉ» ትላለች። ያን ቀን በሽተኛ ቤት የገባ ደግ ሰው እያለች ለጎረቤት ታወራልኛለች። ጨው ለመግዛት እንኳ ልጆቼን እልክ ነበር እንጂ ራሴ አልሄድም።

ያ በመስተዋት የተሸፈነ ወረቀት የተሰጠኝ ሰሞን ግን ሣጥኔን ከፈትኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ኪሴ ከትቼ ከሰዓት በኋላ ሱቋ ሄድኩ። ተነሣች።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጡረታ ወጡ አሉ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ ብርቄ። የማነብልሽ ነገር አለ።»

የመጀመሪያውን አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችና «እንዴ፣ አባባ አልታመሙም እኮ» አለች። ወዲያው፣ በአንድ ጊዜ ገባት። አለቃዬ «ቄሱ ናቸው የመሰለኝ» ብሎ ያለፈው ነገር እሷ ሚዛኗን ይዛ እንደቆመች ገባት። ሁለተኛውን አነበብኩላት። «አንዲት ልጃገረድ» የሚለው ላይ ሻሿን ነካች። መኪናው ለምን እንዳልመጣ፣ አለቃዬ ኅዳጉ ላይ ምን እንደጻፈ፣ እኔም ምን ላይ እንደፈረምኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አባቷ ያሉኝን ግን አላነሣሁም። የሞቱትን ሰው ጋሻ ላደርጋቸው አልፈለግኩም።

እሷ ግን ያን ቀን በሩ አጠገብ ዐይኗን ገልጣ ነበር።

«አባባ አትቁጠር ብለውህ ነበር» አለች። «ሰምቻለሁ።»

ብለውህ አለች። ብለውዎት አላለችም።

«ብለውኛል» አልኩ።

«እሳቸው ቄስ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ወድቀውባቸው ነው። አንተ ግን የተማርክ ነህ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «እናቴ መኪናው መጣ ወይ እያለች ነው የሞተችው። የመንግሥት ሰው ገብቶ አይቶናል፣ ይመጣል፣ ይመጣል እያልኩ ያጽናናኋት እኔ ነኝ። አንተን አምኜ።»

ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፤ ማንበብ ባትችልም አራት አጥፋ የገንዘብ ሣጥኗ ሥር ከተተችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ስኳር መመዘን ጀመረች። እንድሄድ መሆኑ ነው፤ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቄ አትነሣልኝም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ «እንደምን አደርክ» ትለኛለች እንጂ እንደምን አደሩ አትልም። አንቱታውን ነሣችኝ። በቀደም ባሏ ሰምቶ አፈረ። ደግ ሰው ነው፣ ነገሩን አልነገረችውም። «ምነው ብርቄ፣ እኒህን የመሰሉ ሽማግሌ አንተ ይባላሉ?» ብሎ በእኔ ፊት ገሠጻት። እሷ እኔን አየችኝ።

«ተዋት» አልኩት። «እሷ አልተሳሳተችም። እኔ አንድ ሰው ነኝ።»